ወንዝ የቴክኒክ ቃል አይደለም

ባሌን ሻንቆን የቀበርነው በ1979 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ እዚሁ ጂንካ። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ጓድ ፈለቀ ነበር። ፈለቀ የባሌ አለቃ ነው። በዚያው መሥሪያ ቤት ጽዳት ነበርኩና የእኔም አለቃ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። በሩ ላይ የተሰቀለው ስሙ ሦስት መስመር ይፈጅ ነበር፤ ሥራው ግን ባንድ መስመር ያልቃል፦ የእርሻ መሣሪያ ይረከባል፣ ማህተም ይመታል፣ ያስረክባል።

የተነበበው ታሪክ ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። "ጓድ ሻንቆ የሰፊውን ሕዝብ የቴክኖሎጂ ንቃተ ኅሊና ከማጎልበት አኳያ የማይናቅ ሚና የተጫወቱ" እያለ ይቀጥላል። ሁለቱንም ገጽ ባሌን ፈለግሁበት፤ የለም። ስለዚህ ራሴ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማሩኝ ባሌ ጽፎ የሰረዛቸው ወረቀቶች ናቸው፤ ከጻፈው ይልቅ ከሰረዘው ብዙ ተምሬያለሁ።

ሻንቆ የግምጃ ቤት ረዳት ነበር። በትውልዱ አሪ ነው፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሯል። ግምጃ ቤቱ ውስጥ በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ፣ የእጅ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ይገባል። ከእያንዳንዱ ጋር በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አብሮ ይመጣል። መጽሐፉ መዝገብ ቤት ይቆለፍበታል፤ መሣሪያው ለገበሬ ማኅበር ይሰጣል። በሳምንቱ ተሰብሮ ይመለሳል። ያን ጊዜ ስብሰባ ይጠራና "ገበሬው ገና አልነቃም" ይባላል። ያልነቃው ማን እንደሆነ ወለል ስጠርግ አየው ነበር፤ ከምሳ በኋላ ቢሮ ለቢሮ የዞረ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያገኘዋል።

ሻንቆ አንዱን መርጫ ፈታ፣ ገጠመ፣ እንደገና ፈታ። ከዚያ አሠራሩን በካርቶን ላይ በእርሳስ ጻፈና አንድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ሰጠኝ። ሁልጊዜ የሚጽፈው በእርሳስ ነው።

"አንብቢና ያነበብሽውን ሥሪ" አለኝ።

"ክዳኑን ከፍተህ ውሃ ጨምር" ይላል። ቆምኩ።

"ምን ሆንሽ?"

"ክዳኑ ሁለት ነው። የቱን?"

"ትልቁን ነዋ!" ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

"ወረቀቱ ትልቁን አይልም።"

ተናደደ። እኔን ነው ወይስ ወረቀቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ቆየት ብሎ እርሳሱን አነሳና "ትልቁን" የሚለውን ጨመረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሳነብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ ቃል አይተነፍስም። "ጣቴ ከወረቀቱ ጋር ቀይ አፈር ከተማ ድረስ አትሄድም" ይላል። የቆምኩበትን ያያል፣ እዚያ ላይ ይሰርዛል፣ ያቃናል፣ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። ሙያውን የተማረው እንዲህ ነው። ሌላ አስተማሪ አልነበረውም።

እየለመድኩ ስመጣ ለሥራው አልሆን አልኩት። "አንቺ አሁን አወቅሽ፤ ተበላሸሽ" አለኝና ጎረቤታችንን ዘሪቱን ጠራ። ዘሪቱ ቅዳሜ ገበያ ሙዝና ጎደሬ የምትሸጥ ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ምላሷ ግን የተማረ ነው። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሠራለች፣ እሱ ያያል።

"አየለች፣ ባልሽ ዛሬም ሊያየኝ መጣ?" ትለኛለች መርጫውን አዝላ። "የሰው ባል ሴት የሚያየው በአጥር ቀዳዳ ነው። ያንቺው በሚስቱ ፊት፣ ያውም እንደ እስረኛ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ!"

ሻንቆ አይስቅም። የምትቆምበትን ብቻ ነው የሚያየው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ቀይ አፈርም ቱርሚም መሣሪያ የሚረከብ ሰው ከመፈረሙ በፊት "የሻንቆ ወረቀት አለው?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ ግን እስከ መጨረሻው የግምጃ ቤት ረዳት ብሎ ነው የጻፈለት።

ፈለቀ የተሾመው በዚህ መሃል ነው። አዲስ አበባ ሄዶ በቴክኒክ ጽሑፍ ዝግጅት የሦስት ወር ኮርስ ወስዷል። ሰርተፍኬቱን መስተዋት አስገጥሞ ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል። በየማለዳው አቧራውን የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ ከሱ ይልቅ እኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። "ተሳትፏል" ይላል። ችሏል አይልም።

ካኪው እንደ ምላጭ የተተኮሰ ነው። ናፍጣን የሚያውቀው ከላንድሮቨሩ ጭስ ነው። በደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ ሰክቶ ይዞራል። ሻንቆ "ብሎኑን አጥብቅ" ብሎ ከጻፈ ፈለቀ "የማጥበቅ ተግባር ይከናወን" ብሎ ያርማል።

"ማን ያከናውነው፣ ጓድ?" አለው ሻንቆ አንድ ቀን።

"የሚመለከተው አካል።"

ይህን ለዘሪቱ ስነግራት "አካሉስ እጅ አለው?" አለች።

በ1978 አጋማሽ ላይ ከአርባ ምንጭ፣ ከበላይ ቢሮ፣ ደብዳቤ መጣ። ኦሞራቴ ላይ በኦሞ ወንዝ ዳር አዲስ የመስኖ ፓምፕ ተተክሏል፤ መመሪያ ይጻፍለት፤ መመሪያው በሥራ ላይ ውሎ ከሠራ ጸሐፊው "የቴክኒክ መመሪያ አዘጋጅ" ተብሎ በቋሚነት ይመደባል ይላል። ሻንቆ ሹመት አይወድም ነበር ብዬ አልዋሽም። ይህችን ፈልጓታል። ከደብተሩ ጀርባ "አዘጋጅ፦ ሻንቆ" ብሎ ሰባት ጊዜ ጽፎ ሰባት ጊዜ ሰርዞ አግኝቼበታለሁ።

በጭነት መኪና ኦሞራቴ ወርዶ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ኤርጎ የሚባል የዳሰነች ሰው ነው፤ ሻንቆ እሱን ሲያይ ዋለ፣ ሲያይ ሰነበተ። ፓምፑ አንድ ረጅም እጀታ አለው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት እጀታው ወደ ወንዙ መገፋት አለበት፤ ያን ጊዜ ውሃው ተመልሶ ወንዝ ይገባል፣ ቱቦው አይጨነቅም። ሞተሩ ከረጋ በኋላ ወደ እርሻው ይገፋል። ይህ ከተገለበጠ ቱቦው ይፈነዳል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ሻንቆ መጀመሪያ የጻፈው "እጀታውን ወደ ቀኝ ግፋ" ብሎ ነበር። ጂንካ ሲመለስ ግቢያችን ውስጥ ካለ ጉቶ ላይ ዱላ ቸክሎ ፓምፕ ሠራ፤ ከታች የሚወርደው የኔሪ ወንዝ ኦሞ ሆነ። አንድ ጠዋት አነበብኩ፤ ዘሪቱ ዱላውን ወደ ቀኝ ገፋች፤ ልክ ሆነ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መጣች። ፀሐይዋ ዞራ ነበርና ጥላ ፈልጋ ከጉቶው ወዲያ ማዶ ቆመች። አነበብኩ። ወደ ቀኝዋ ገፋች። ዱላው ወንዙን ትቶ ወደ ጎደሬው ዞረ።

ሻንቆ ያጣመረውን እጅ ፈታ።

"ኤርጎም እንዲህ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ጠዋት በዚህ በኩል፣ ከሰዓት በዚያ በኩል! የግራሩን ጥላ ተከትሎ ነው የሚዞር! ሁለት ሳምንት ሙሉ እያየሁት አላየሁትም!"

ቀኝን ሰረዘ። "እጀታውን ወደ ወንዙ ግፋ" ብሎ ጻፈ። ዘሪቱ ከወዲህም ቆማ ከወዲያም ቆማ፣ ቁጢጥ ብላም፣ ጀርባዋን ሰጥታም ገፋችው። አንዴም አልሳተችም።

"ይሄማ ለፍየልም አይጠፋት" አለች። "ወንዙ የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ውሃም አይገባው!"

ወረቀቱን ለፈለቀ ያቀረበለት ዕለት እኔ የቢሮውን መስኮት እወለውል ነበር። ፈለቀ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ።

"ሻንቆ፣ 'ወደ ወንዙ' ምን ማለት ነው?"

"ወደ ወንዙ ነው፣ ጓድ።"

"ወንዝ የቴክኒክ ቃል አይደለም።"

"ፓምፑ ያለው ወንዝ ዳር ነው።"

"እሱ መልክዓ ምድር ነው። አቅጣጫ ማለት ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች ነው፤ ኮርስ ላይ በሚገባ ተሰጥቶናል። ክፍለ ሀገር ይህን ቢያይ ጂንካ ያለነው ሁሉ ከብት ጠባቂ ነን ብሎ ይስቃል።"

"ጓድ፣ ሰውዬው ጥላ ፍለጋ ይዞራል። እሱ ሲዞር ቀኙም አብሮት..."

"ለምን ይዞራል? በተመደበበት ይቁም! እንዲያውም ጨምር፦ ኦፕሬተሩ በተመደበለት ቦታ ይቆማል።"

"የትኛው ቦታ?"

"የተመደበለት!"

ሻንቆ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ፈለቀ አክብሮት መሰለው፤ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን አቋቋሙን አውቀዋለሁ። ፈለቀ የሚስትበትን እያየ ነበር።

በማግሥቱ ቅርጫቱን ልደፋ ስል የባሌን ወረቀት ከሲጋራ ቁራጩ ጋር አገኘሁት። "ወደ ወንዙ" የሚለው በቀይ ሁለት ጊዜ ተሰርዞበታል፤ ከጎኑ በፈለቀ እጅ "ወንዝ የቴክኒክ ቃል አይደለም፤ ወደ ቀኝ ይባል" ተብሎ ተፈርሞበታል። ይህን ማለቱ ሳያንሰው ፈረመበት! አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ከሳምንት በኋላ ስቴንስል ተቆርጦ የተባዛው መመሪያ ግርጌ "አዘጋጅ፦ ጓድ ፈለቀ" ይላል። ማህተሙ እንደ ሰሐን ትልቅ ነው።

የተሰረዘውን ወረቀት ለሻንቆ ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ።

"መልሰሽ ጣይው።"

"ማስረጃ ነው እኮ!"

"ካለቃ ቅርጫት ወረቀት ያወጣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? የምስጢር ሌባ። አንቺ ታስረሽ የኔ ስም ምን ይሠራልኛል?"

እውነቱን ነው፤ በዚያ ዘመን በትንሹም ይታሰር ነበር። እሱ በሾፌር አፍ ለኤርጎ "ወረቀቱን ተው፣ ወንዙን ያዝ" የሚል መልእክት ላከ። እኔ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ሸሸግኩት። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆኖ ነበርና ያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱሱም ራሱ የተሸሸገ ነበር።

ነሐሴ ላይ ቱቦው ፈነዳ። የኤርጎን ክንድ ሰበረ፤ በቆሎው ውሃ አጥቶ ደረቀ። ከአርባ ምንጭ "የመመሪያው አዘጋጅ ማን እንደሆነ ይገለጽ" የሚል ቴሌግራም ደረሰ። ፈለቀ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሥራ በአንድ ቀን ሠርቶ ሲጨርስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። አዲስ ስቴንስል አስቆረጠ። ቃሉ አልተነካም፤ "ወደ ቀኝ" እንዳለ ነው። ግርጌው ግን "አዘጋጅ፦ ሻንቆ" ሆነ። ባሌ ሰባት ጊዜ ጽፎ የሰረዘውን ሹመት ባንድ ቀትር ሰጠው።

ሻንቆ በቸልተኝነት ተቀጣ። ኦሞራቴ ወርዶ ቱቦውን እንዲያስጠግን ታዘዘ። አዲሱ መመሪያ በአሮጌው ምትክ እዚያ ፓምፕ ቤቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሊያቃናው እርሳሱን ሲያወጣ "ማስረጃ ነው፣ አይነካም" ብለው ከለከሉት። ስድስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው የራሱን ስም ከሰው ስህተት በታች እያነበበ ሠራ። ከዚያ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና መጣልኝ። ወባ ነው። አራት ቀን ተኛ።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ቀለል ሲለው "ወረቀቱ አሁንም ቀኝ ነው የሚለው?" አለኝ።

"ምን አስጨነቀህ? ተኛ።"

"ስሜን ካልፋቁት ቃሉን ያቃኑት። ስሜ ያለበት ወረቀት ሰው ሊሰብር አይገባም። ስሚ፣ አየለች። አንድ ቃል ናት።"

እሺ አልኩት። በማግሥቱ ሞተ።

ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲሰበሰብ ፈለቀ መጣ። መነጽሩን አውልቆ ከንፈሩን መጠጠልኝ። እኔም ተጠጋሁትና ለመንኩት፤ ያን መለመኔን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ።

"ጓድ፣ የሕይወት ታሪኩ ላይ አንዲት መስመር ያስገቡልኝ። 'ሻንቆ የጻፈው ወደ ወንዙ ብሎ ነበር' ይበሉልኝ። ወረቀቱም ይቃና።"

ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። "አየለች፣ በሐዘን ቀን ስህተቱን ባናነሳው ይሻላል። ለክብሩ ስንል።"

ለክብሩ!

ወደ ቤት ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈትኩ።

መቃብሩ አጠገብ ቆመን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መዝሙር ዘመርን። ፈለቀ ሁለቱን ገጽ አነበበ። "አኳያ" እና "ሚና" እና "ንቃተ ኅሊና" በአፈሩ ላይ ሲንጠባጠቡ ሰማሁ። ሲጨርስ "ነፍሱን ይማር" አላለም፤ ካድሬ ነዋ። ወረቀቱን አጥፎ ሊሄድ ሲል ከኋላ አንድ ረጅም ሰው ወደ ፊት ወጣ። ክንዱ ተጣሞ ድኗል። ኤርጎ ነበር፤ መታመሙን ሰምቶ በዓሣ ጫኝ መኪና ሁለት ቀን ተጉዞ ነው የደረሰው።

"እኔ ትንሽ ቃል አለ" አለ። አማርኛው በጎልማሳነት የተለመደ ነው። "ሻንቆ በሾፌር ላከ፤ ወንዙን ያዝ አለኝ። እኔ ያዝኩ። የእርሻው አለቃ መጣ፤ 'ማህተም ያለው ቀኝ ይላል፣ ሾፌር ማህተም አለው?' አለኝ። እኔ ቀኝ ገፋሁ።" የተጣመመውን ክንድ ከፍ አደረገ። "ሰው ሲዞር ቀኝ አብሮ ይዞራል። ወንዝ አይዞርም። ሻንቆ ይህን ያውቃል። የጻፈው ሌላ ሰው ነው።"

ሰው ሁሉ ፈለቀን አየ።

"ጓዶች፣ ይህ ቦታው አይደለም" አለ ፈለቀ።

"ቦታውስ የትኛው ነው?" አልኩ። "የተመደበለት?"

ወረቀቱን ከነጠላዬ ስር አውጥቼ ሰጠሁት። "ይህንንም ያንብቡልን፣ ጓድ። የባሌ ጽሑፍ ነው፤ የሕይወት ታሪኩ ይኼ ነው።"

ተቀበለኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለመቀበል አይችልም። ቀዩን ሲያይ ጆሮው ቀላ። እኔም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ቃል አልተነፈስኩም።

"የፓምፑ... አነሳስ" አለ። "አንድ። የናፍጣውን መጠን እይ። ሁለት። የዘይቱን መጠን እይ። ሦስት። እጀታውን ወደ..."

ቆመ።

ቆጠርኩለት። የመዝሙር እኩሌታ የሚያዘምር ያህል ቆመ። የቆመበትን አየሁ።

"ጽሑፉ አይነበብም" አለ በመጨረሻ።

"'ወደ ወንዙ ግፋ' ነው የሚለው፣ ጌታዬ!" አለች ዘሪቱ ከሴቶቹ መሃል። "ፊደል ያልቆጠርኩት እንኳ በቃሌ አውቀዋለሁ። ደግሞ ከጎኑ ያለችውን ቀይዋን ያንብቧት፤ እሷን አላጠናኋትም።"

ከወንዶቹ በኩል አንዱ ሳቀ፤ የሳቀው በቀብር ላይ ነው፤ ማንም አልገሠጸውም። ፈለቀ ወረቀቱን ወደ ካኪው ኪስ ሊከት ሲል እጄን ዘረጋሁ።

"የባሌ ነው።"

መለሰልኝ።

በሳምንቱ "በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት" የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ከጽዳት ሠራተኞች የተቀነስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጠቡ ምን ላይ እንደሆነ ሰው ሁሉ ስላወቀ አለቃው ሊያሳስረኝ አልደፈረም። ፈለቀ በዚያው ዓመት ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረ፤ የቴክኒክ መመሪያ አዘጋጅ ሆኖ። ሰርተፍኬቱን ራሱ ተሸክሞ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ አቧራ ለብሶ ነበር።

ወረቀቱን ኤርጎ ወሰደው። ማህተም ባለው ላይ ለጥፎ በላስቲክ ሸፈነው፤ የማስረጃ ነገር የሚያነሳ አልመጣም። ከኦሞራቴ የሚመጡ ሾፌሮችን አሁንም እጠይቃለሁ። ቱቦው ከዚያ ወዲህ አልፈነዳም ይሉኛል። ቀዩን ቀለም ፀሐይ በልቶታል አሉ። እርሳሱ ግን ይነበባል።